ምዕራፍ 7፦ ውሃ ይታሰራል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ ቁንዝላ ሲደርስ ይቀላል። ሰው ይወርዳል፣ ጆንያ ይወርዳል፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ እየተንጫጫች ትወርዳለች። በአንድ እንዲህ ባለ ጉዞ፣ ዳርቻው ከሩቅ መታየት ሲጀምር፣ አጠገቤ የተቀመጠ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከስልኩ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ውሃ ይታሰራል እንዴ?» አለኝ።

እንቆቅልሽ መስሎኝ «ምን አውቅልህ» ልል ነበር። ልጁ ግን የምሩን ነው። ስለ አባይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር እያነበበ፣ በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና እንግሊዞች የተፈራረሙት ውል ላይ ደርሷል። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቁር አባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ወንዝ ላይ፣ ውሃው ወደ ናይል የሚፈስሰውን ፍሰት «አረስት» የሚያደርግ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ ላለመሥራት ቃል ገብተዋል ይላል። ልጁ ቃሉን በስልኩ መዝገበ ቃላት ሲፈልገው «አሰረ፣ በቁጥጥር ስር አዋለ» የሚል ወጣለት። ስለዚህ ምኒልክ ውሃውን እንዳያስሩ ፈርመዋል ማለት ነው። ይህን ሲነግረኝ ራሱም ሳቀ።

ሳቅንበት እንጂ፣ ያቺ አንዲት ግስ ከመቶ ዓመት በላይ የሕግ ሰዎችን ስታከራክር የኖረች ናት። ለልጁ ጀልባው ላይ የሰጠሁት መልስ አጭርና ግማሹ ስህተት ነበር። ይህ ምዕራፍ የተስተካከለው መልስ ነው።

የ«ቁም!» ልጅ

አብዛኞቻችን «አረስት»ን የተዋወቅነው በፊልም ነው። ፖሊሱ ሽጉጡን ወድሮ ይጮሃል፣ ካቴና ይጠለቃል። ስለዚህ ቃሉ ከእስር ቤት የተወለደ ይመስለናል። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ «ስታሬ» ማለት መቆም። ከዚያ «ሬስታሬ» መጣ፣ ወደ ኋላ ቀርቶ መቆም። በዚህኛው ፊት ደግሞ «አድ» የሚባል መነሻ ተለጠፈና «እንዲቆም ማድረግ» የሚል ቃል ወጣ። እንግሊዝኛ የወሰደው ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው። ከዚሁ ሥር የበቀሉ ዘመዶቹን እናውቃቸዋለን፦ ባቡር የሚቆምበት «ስቴሽን»፣ ቆሞ የቀረው ሐውልት «ስታቹ»፣ ቀሪ ማለት የሆነው «ሬስት»። ዕረፍት የሚባለው «ሬስት» ግን ዘመድ አይደለም፤ በመልክ ብቻ የሚመስል፣ ከጀርመን ቋንቋዎች ወገን የመጣ ጎረቤት ነው።

በምዕራፍ 2 በግስ ፊት ስለምትለጠፈው «አ» ስናወራ የነበረውን እዚህ ላይ እናስታውስ። «ደረቀ»ን «አደረቀ»፣ «ፈላ»ን «አፈላ» ታደርጋለች። «ቆመ» ላይ ብትለጠፍስ? «አቆመ»። ላቲን በ«አድ» የሠራውን እኛ በአንዲት ፊደል ሠራነው። ስለዚህ የ«አረስት» የመጀመሪያ አማርኛው «አሰረ» ሳይሆን «አቆመ» ነው።

ታዲያ ፖሊሱ ከየት መጣ? ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የአገሪቱ የሕግ ቋንቋ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ነበር፤ «አረስት»ም ችሎት ገብቶ ሰውን በሕግ ማቆም የሚል ሙያ ያዘ። ብናስበው አይገርምም። የእኛም ፖሊስ ሌባ ሲያባርር «ቁም!» ይላል እንጂ «ታሰር!» አይልም። እስሩ ከመቆሙ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ግስ ከማን ጋር ዋለ?

ሥሩን ማወቅ ደስ ይላል፤ ቃሉ ዛሬ ምን እንደሚሠራ ግን አይነግረንም። አባቱ አናጢ የነበረ ሁሉ አናጢ አይደለም።

«አቆመ»ን ራሱን እንየው። መኪና አቆመ፤ ሥራ አቆመ፤ ሐውልት አቆመ፤ ጠበቃ አቆመ። መኪናው ይንቀሳቀስ ነበር፣ አሁን አይንቀሳቀስም። ሐውልቱ አልነበረም፣ አሁን አለ። ጠበቃው ደግሞ እንዲያውም መሮጥ የጀመረው አሁን ነው። ግሷ አንዲት፣ ነገሩ አራት። አማርኛ ተናጋሪ ግን አንዱንም ከሌላው አያምታታም፤ ምክንያቱም ግሷን ብቻዋን አይሰማትም፣ ከጎኗ ካለው ስም ጋር ነው የሚሰማት። ጆን ፈርዝ የተባለው እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፦ ቃልን ማወቅ የፈለገ አብረውት የሚውሉትን ቃላት ይይ።

«አረስት»ም እንደ ጓደኛው ይለዋወጣል። ከሰው ጋር ሲውል መያዝ ነው። ከልብ ጋር ሲውል ፍጹም ማቆም ነው፤ ሐኪሞች «ካርዲያክ አረስት» ሲሉ ልብ ደም መርጨቷን አቁማለች ማለታቸው ነው። ይህ «ሃርት አታክ» ከሚባለው ይለያል፤ በዚያኛው የልብ ደም ሥር ይዘጋል እንጂ ልብ መምታቷን ላታቆም ትችላለች። ከዓይን ጋር ሲውል ደግሞ ቃሉ ይለሰልሳል። «አረስቲንግ» የተባለ መልክ እስር ቤት የለውም፤ አላፊ አግዳሚውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ውበት ነው።

ለተማሪ የሚጠቅመው አገባብ ግን ሌላኛው ነው፣ በጋዜጣና በጥናት ጽሑፍ የሚያጋጥመው። እዚያ «አረስት» የሚወዳቸው ስሞች ራሳቸውን ችለው የሚብሱ ነገሮች ናቸው፦ መስፋፋት፣ ማሽቆልቆል፣ መበስበስ፣ መሸርሸር። ጣና ላይ ያለውን እንውሰድ። እምቦጭ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቁን እያስቸገረ ነው። አንድ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ «የእምቦጭን መስፋፋት አረስት ለማድረግ» ብሎ ቢጽፍ አረሙ ይጠፋል ማለቱ አይደለም። አረሙ እዚያው አለ፤ የቆመው መስፋፋቱ ነው። ልብ በሉ፣ ግሱ ያረፈው በ«መስፋፋት» ላይ እንጂ በ«እምቦጭ» ላይ አይደለም። ስለዚህም ታክሲን «አረስት» አደረግሁት ማለት አይሆንም። እንዲህ ያለ ሰው ተሳፋሪ ሳይሆን ትራፊክ ፖሊስ ነው፣ ያውም የተቆጣ። ለታክሲ «ስቶፕ» ይበቃዋል።

እዚህ ጋ ሐሳቤን የሚያውክ አንድ ምሳሌ አለ፤ ስለሚያውክ ደብቄው አላልፍም። የኤሌክትሪክ ሠራተኞቻችን ትራንስፎርመር አጠገብ የሚሰቅሉትን የመብረቅ መከላከያ «አሬስተር» ይሉታል። ዕቃው ግን መብረቁን አያቆመውም። መንገድ ከፍቶ ወደ መሬት ይሰደዋል። ስሙ «አቋሚ»፣ ሥራው ግን አቅጣጫ ማስቀየር ነው። እንግሊዝኛ ራሱ ቃሉን ሁልጊዜ በጥብቅ አይጠቀምበትም ማለት ነው። ይህን ቋጥረን እንያዝ።

ቶና ማለት ምን ማለት ነው?

ከአማርኛ ጋር ያልተዋወቀ እንግዳ «ቶና ምንድን ነው?» ቢላችሁ እንዴት ታስረዱታላችሁ? ቡና ነው። ግን አቦልም ቡና ነው፤ በረካም ቡና ነው። ያው ጀበና፣ ያው ሲኒ፣ ያው ቡና። ቶናን ቶና ያደረገው በውስጡ ያለ ነገር አይደለም፤ ከአቦል በኋላ፣ ከበረካ በፊት መሆኑ ነው። አቦልና በረካ ባይኖሩ ቶና የሚባል ነገር ባልኖረ።

የምዕራፉ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፤ ቀስ እንበልበት። ቃል ትርጉም የሚያገኘው አብረውት ከሚውሉት ብቻ አይደለም። በእሱ ቦታ ሊቀመጡ ይችሉ ከነበሩት፣ ግን ካልተቀመጡት ቃላትም ነው። የቁንዝላ ዓሣ አጥማጅ «ዛሬ የያዝኩት ቀረሶ ነው» ሲል አምባዛ አይደለም ማለቱም ነው። እናት «ንፍሮ አለልህ» ስትል ቆሎ እንዳልቆላች ሳትናገር ነግራሃለች። የተባለውን የምንረዳው ያልተባለው ዙሪያውን ስላጠረው ነው።

ስዊዘርላንዳዊው ፈርዲናንድ ደ ሶስዩር ከሞተ በኋላ በ1916 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ይህንኑ በበግ አስረድቷል። ፈረንሳይኛ ለበጉም ለሥጋውም አንድ ቃል አለው። እንግሊዝኛ ለሥጋው ሌላ ቃል ስላለው፣ በእንግሊዝኛ «በግ» የሚለው ቃል ሳህን ላይ አይቀርብም። በጉ አልተለወጠም፤ የቃሉን ግዛት ያጠበበው ጎረቤቱ ነው። ልክ የመሬት ወሰን እንደሚለካው ነው፦ የአንተ ማሳ የት እንደሚያልቅ የሚነግርህ የጎረቤትህ ማሳ የሚጀምርበት ድንበር ነው።

ከበግ ይልቅ ግን ውሃ ይቀርበናል። በመስኖ በሚያለሙ የጎጃም መንደሮች «የውሃ አባት» የሚባል ሰው አለ። ማን በየትኛው ቀን ቦዩን ወደ ማሳው እንደሚመልስ ተራ የሚያስይዝ፣ ሲጣሉም የሚዳኝ። እሱ ፊት ቀርቦ «ውሃዬን ደፈነብኝ» ማለት አንድ ነገር ነው። «ጠለፈብኝ» ሌላ ነው፣ «ቀነሰብኝ» ሌላ፣ «ተራዬን አዛባብኝ» ደግሞ ሌላ። በአራቱም ክስ ከሳሹ ማሳ ላይ በቆሎው ጠውልጓል። ጥፋቱ ግን አራት ዓይነት ነው፣ ካሳውም እንደዚያው። የውሃ አባት «ደፈነብኝ» የሚለውን ሰምቶ ቦዩ ድረስ ሄዶ ቢያይና ውሃው ቢሳሳም ሲፈስስ ቢያገኝ፣ ከሳሹ አልዋሸም ይሆናል፤ የተናገረው ግስ ግን ከእውነቱ በልጧል። «ቀነሰብኝ» የሚል ቃል እያለለት «ደፈነብኝ» ማለቱ ለምን ይሆን ብሎ መጠየቅ የዳኛው ሥራ ነው።

አራት ውሎች፣ አራት ግሶች

አሁን ወደ ልጁ ስልክ እንመለስ። «ፍሰቱን አረስት የሚያደርግ ሥራ» ምን ማለት ነው? ፍሰቱን ጨርሶ የሚያቆም? ወይስ ከፍሰቱ የተወሰነውን የሚያስቀርም ይጨምራል? የመጀመሪያው ከሆነ ኢትዮጵያ ውሃው ወደ ናይል እስከ ወረደ ድረስ መጠቀም አልተከለከለችም። ሁለተኛው ከሆነ አንድ ባልዲ መቅዳትም ሊያከራክር ነው።

መዝገበ ቃላት አይፈርድልንም፤ ሁለቱንም ይጽፋል። ከቶና የተማርነውን ዘዴ ግን መሞከር እንችላለን። የዚያ ዘመን እንግሊዞች ስለ ናይል ውሃ ሲዋዋሉ በዚህ ቦታ ሌላ ምን ግስ ያስቀምጡ ነበር?

እንደ ዕድል ሆኖ ማስረጃው አለ። ከምኒልክ ውል 11 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 1891 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዝና ጣሊያን በፕሮቶኮል ተስማምተው ነበር። ጣሊያን አትባራ ወንዝ ላይ፣ ወደ ናይል የሚገባውን ፍሰት በሚታወቅ መጠን «ሞዲፋይ» የሚያደርግ የመስኖ ሥራ ላትሠራ ቃል ገባች። «ሞዲፋይ» መለወጥ ነው፤ ትንሽ መቀነስም መለወጥ ነው፣ ማዘግየትም መለወጥ ነው። በግንቦት 1906 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዝ ከኮንጎ ጋር ስትዋዋል፣ በሰምሊኪና በኢሳንጎ ወንዞች ላይ ወደ አልበርት ሐይቅ የሚገባውን ውሃ መጠን «ዲሚኒሽ» የሚያደርግ ሥራ እንዳይሠራ አስፈረመች። ይህ በቀጥታ መቀነስ ነው። በግንቦት 1929 እ.ኤ.አ. እንግሊዝና ግብፅ በተለዋወጡት ደብዳቤ፣ ኢትዮጵያ በሌለችበት፣ ግሶቹ ሦስት ሆኑ፦ ግብፅ የሚደርሰውን ውሃ መጠን መቀነስ፣ የሚደርስበትን ጊዜ መለወጥ፣ ከፍታውን ማውረድ። የውሃ አባት ፊት የሚቀርቡት ክሶች አንድ በአንድ የተመዘገቡ ይመስላሉ። «ቀነሰብኝ» አለ፣ «ተራዬን አዛባብኝ» አለ።

በእነዚህ መካከል፣ በ1902 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ፣ ኮሎኔል ጆን ሌን ሃሪንግተን ለእንግሊዝ በፈረሙበት ውል ላይ ያለው ግስ «አረስት» ነው። «ሞዲፋይ» አልተባለም፤ «ዲሚኒሽ»ም አልተባለም። «መለወጥ» ወይም «መቀነስ» ለማለት የፈለገ ቃል አልጠፋውም ነበር፤ አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ ተጠቅሞበታል። እንግዲህ «አረስት» እዚህ ላይ እንደ ቶና ነው። ግዛቱን ያጠበቡት በዙሪያው ያሉት ውሎች ናቸው። ለእኔ ይህ ክርክር ከመዝገበ ቃላት ሁሉ ይበልጥ ያሳምነኛል።

ሆኖም ተቃራኒውን ወገን ሳናዳምጥ አንለፍ። አንደኛ፣ ውሎቹን የጻፈው አንድ እጅ አይደለም፤ የጻፈ ሁሉ ደግሞ ግስ በሚዛን አይሰፍርም። ሁለተኛ፣ የመብረቁን «አሬስተር» አይተናል፤ ቃሉ ሲላላ ይላላል። ሦስተኛ፣ የሕግ ሰው ግሱን ብቻ ሳይሆን ዓላማውንም ይጠይቃል፤ እንግሊዝ ውሉን የፈለገችው ለግብፅና ለሱዳን ውሃ እንዳይጎድል ነበር፣ ይህም ሰፊውን ትርጉም ይደግፋል ይላሉ። ከእነዚህ ሁሉ የከበደኝ ሦስተኛው ነው። ግን ዓላማው የአንዱ ወገን ዓላማ ነው። ፊርማው ደግሞ የሁለት።

ከዳር እዳር

ሁለተኛው ፈራሚ ያነበበው እንግሊዝኛውን አልነበረም።

በምዕራፍ 4 የውጫሌን ውል አንስተን ነበር፤ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውንና አንቀጽ 17 አገር ያማሰለበትን። እዚያም ነገሩ ግስ ነበር። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣሊያን በኩል ማድረግ «ይቻላቸዋል» አለ። ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ከዚያ ዓድዋ መጣ። ስለዚህ በ1894 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ምኒልክ ፊት የቀረበው የውል ወረቀት፣ በሁለት ቋንቋ ስለተጻፈ ውል መጥፎ ትዝታ ባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር የቀረበው። የእንግሊዝኛውም የአማርኛውም ቅጂ እኩል ሕጋዊ ናቸው ተባለ።

የአማርኛው ቅጂ «አረስት»ን እንዴት አለው? «አሰረ» አላለም፣ «አቆመ»ም አላለም፣ «ቀነሰ»ም አላለም። ወንዙን ከዳር እዳር «የሚደፍን» ሥራ ነው ያለው። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ሥራው ወንዙን አቋርጦ የሚሠራ መሆኑን የሚገልጽ መስተዋድድ ነበረው፤ አማርኛው ያንን መስተዋድድና «አረስት»ን አገናኝቶ አንድ ሥዕል ሠራ፦ ከወዲህ ዳር እስከ ወዲያ ዳር የተደፈነ ወንዝ። ዓረፍተ ነገሩን ያቀናው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ቦይ ያየ ሰው ነው። ትርጉሙን ፍለጋ ሰማይ አልወጣም፤ ለማንም ገበሬ ግልጽ የሆነውን ቃል አነሳ።

እንግሊዝኛው ሰፋ፣ አማርኛው ጠበብ ካለ የቱ ይገዛል? በገበያ ቀን ሁለት ጥላ ተጠጋግተው ሲዘረጉ መሬት ላይ የሚያርፉትን ጥላዎች አስቡ። እያንዳንዱ የየራሱ ጥግ አለው፤ ሁለቱ የሚደራረቡበት ቦታ ግን ጠቆር ይላል። በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል የሚነበበው በዚያ በጠቆረው ቦታ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. በቪየና የተፈረመው የዓለም አቀፍ ውሎች ስምምነትም በአንቀጽ 33 ተቀራራቢ ነገር ይላል፦ ልዩነቱ በሌላ መንገድ ካልተፈታ ቅጂዎቹን ይበልጥ የሚያስታርቀው ትርጉም ይያዝ። «ጨርሶ ማቆም» በ«አረስት» ውስጥም አለ፣ በ«ደፈነ» ውስጥም አለ። «መቀነስ» ግን በ«ደፈነ» ውስጥ የለም። ማንም አማርኛ ተናጋሪ የሚፈስስ ቦይ እያየ ተደፍኗል አይልም። ኢትዮጵያውያን የሕግ ሰዎች ስለዚህ ውል ሲከራከሩ ይህን ነጥብ ደጋግመው የሚያነሱት ለዚህ ነው። ውሉ ዛሬ ይጸናል አይጸናም የሚለው ሌላ ክርክር አለ፤ ለዚህ መጽሐፍ አይሆንምና እንለፈው።

የግንቦት 20 ግስ

ሌላ ግስ ደግሞ በቅርብ ጊዜ አቧራ አስነስታለች። ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. ጉባ ላይ፣ ለሕዳሴ ግድብ ግንባታ ሲባል፣ የአባይ ውሃ ከተፈጥሮ መሄጃው ወጥቶ በተዘጋጀለት ሌላ መውረጃ እንዲያልፍ ተደረገ። በአማርኛ ዜናው «የወንዙ አቅጣጫ ተቀየረ» ተባለ። በእንግሊዝኛ «ዳይቨርት» ተደረገ ተባለ።

«ዳይቨርት» ከላቲን የመጣ፣ ወደ ጎን ማዞር የሚል ቃል ነው። ግን ዞሮ የት? ሰው ገንዘብን «ዳይቨርት» ሲያደርግ ገንዘቡ አይመለስም። መንገድ ሲሠራ መኪኖች «ዳይቨርት» ሲደረጉ ግን በተለዋጭ መንገድ ዞረው ዋናው አስፋልት ላይ ይወጣሉ። ጉባ ላይ የሆነው ሁለተኛው ነበር። ውሃው ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ጎን ለጎን ዞሮ፣ ግንባታው የሚካሄድበት ቦታ ሲደርቅ፣ ዝቅ ብሎ ያንኑ ወንዝ ሆነ። መሐንዲስ ግድብ ሲሠራ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው። ካይሮ ላይ ግን ብዙ ሰው የሰማው የመጀመሪያውን ነው፤ ውሃው ተወሰደ። በሳምንቱ ገደማ በወቅቱ የግብፅ ፕሬዚዳንት በነበሩት በሙርሲ የተጠራ የፖለቲከኞች ስብሰባ፣ ተሰብሳቢዎቹ በቀጥታ እየተላለፉ መሆኑን ሳያውቁ፣ ግድቡን ስለማሰናከል ሲመክሩ ለዓለም ታየ። ጠቡን ግሷ ብቻዋን አላመጣችውም፤ ቢሆንም ከጎኗ «ተመልሶ እዚያው ይገባል» የሚል ሐረግ ቢለጠፍ ምን ነበረበት እላለሁ።

ቁንዝላ ላይ የትኛው ግስ ይግባ?

ልጁ ቁንዝላ ላይ ሲወርድ አብሬው ወረድኩ። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ፣ ከሐይቁ ዳርቻ፣ የጣና በለስ የውሃ መግቢያ አለ። ውሃው ከሐይቁ ወጥቶ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ይሄዳል፤ ከዚያ ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ አራት ተርባይኖችን ያዞራል። እያንዳንዳቸው 115 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 460። የተመረቀው በግንቦት 2002 ዓ.ም. ነው። ግንቦት ይህን ምዕራፍ አልለቀውም አለ።

እዚያ ለሚሆነው ነገር የትኛውን ግስ እንምረጥ? ለአንድ እንግዳ በእንግሊዝኛ ላስረዳ ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ሞክሬያለሁ። «አረስት» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት፤ ምንም የቆመ ነገር የለም፣ ሐይቁም ከዳር እዳር አልተደፈነም። «ሪዲዩስ» ብዬ ጻፍኩ፣ ቀነሰ ማለት ነው። ይህ የሚቆመው ከየት ሆኜ እንዳየሁት ነው። ባሕር ዳር ላይ ከሐይቁ ለሚወጣው አባይና ጢስ እሳት ፏፏቴ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው እውነት ነው፤ በቁንዝላ በኩል የሄደው ውሃ በዚያ በኩል አያልፍም። ፏፏቴውን በድሮ ፎቶግራፍ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሱዳን ድንበር ላይ ለቆመ ሰው ግን ያው «ሪዲዩስ» ትክክል አይሆንም። እሱንም ሰረዝኩት። «ዳይቨርት» ጻፍኩ። ይኼ ከሁሉም ይሻላል፤ የእኛው «ጠለፈ» ነው፣ የቦይ ቃል። ግን ግንቦት 20ን አስታወስኩና ዓረፍተ ነገሩን እዚያ ላይ ማቆም ፈራሁ።

የምኒልክም ውል ግሱ ላይ አያቆምም። «ወደ ናይል» የሚል ጭራ አለው፤ ብዙ ሰው ግሱን ይዞ ሲሟገት ያቺን ጭራ ይረሳታል። እኔም ለእንግዳው የውሃውን መንገድ እስከ ጭራው ጻፍኩለት፦ ቁንዝላ አጠገብ ከጣና ወጥቶ፣ በዋሻ አልፎ፣ ተርባይኑን መትቶ፣ ጀሐና ከሚባለው ወንዝ ይገባል፤ ጀሐና በለስን፣ በለስ ደግሞ ጢስ እሳትን ሳያይ፣ በመተከል ቆላ ዞሮ፣ ከሱዳን ድንበር ሳይርቅ አባይን ያገኘዋል።